ከድራሙ ጎን ቆሜ የኖርኩት አርባ ዓመት

ሥራ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቤዝ ጊታር ተጫዋችን ጡረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት የለም፤ እኔን ጡረታ ያወጣኝ የግራ እጄ አውራ ጣት ነው። ጳውሎስ አካባቢ ያለ አንድ ወጣት ሐኪም መገጣጠሚያውን ወዲያና ወዲህ እያገላበጠ፣ "እናቴ፣ ሥራዎ ምን ነበር? ልብስ ስፌት ነው?" አለኝ። ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ ስለው ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት ነው። ራጁን መብራቱ ላይ ሰክቶ የተበላውን ቦታ ሲያሳየኝ ግን አልሳቀም። "ለራስዎ ቤት ውስጥ ትንሽ ትንሽ ይጫወቱ፤ መድረክ ላይ ሦስት አራት ሰዓት መቆም ግን ይብቃዎት" አለኝ።

በሐኪሙ አልተቀየምኩም። በአርባ ዓመት ውስጥ ቤዝ የያዘች ሴት አይተው የሳቁት ብዙ ናቸው። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራው አጎት ዕቃዬን ስዘረጋ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ "ባለቤትሽ ይዘገያል እንዴ? ዕቃውን ቀድመሽ አዘጋጀሽለት" ብሎኛል። ይዘገያል አልኩት። ጨዋታው ሲጀመር ግን ጠረጴዛውን ትቶ መጥቶ ፊት ለፊቴ ሲጨፍር ዋለ።

የተወለድኩት ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚወጣው አቀበት ላይ ነው። እናቴ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ትሸጥ ነበር። በደርግ ጊዜ እያንዳንዱ ቀበሌ የኪነት ቡድን ነበረው፤ እኔም በዐሥራ ስድስት ዓመቴ ዘፈን ተቀባይ ሆኜ ገባሁ። ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ከሌሎቹ ልጃገረዶች ጋር አልገጥም አለ። የቡድኑ ኃላፊ ከሰልፉ አውጥቶ አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ። በዚያው ሰሞን ቤዝ ይመታ የነበረው ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለና ሄደ። ጊታሩ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ወንዶቹ ሁሉ የሚሽቀዳደሙት ዜማውን ለሚመራው ለሊድ ጊታር ነበር፤ አራት ክር ብቻ ያለውን፣ ድምፁም ለብቻው የማይሰማውን የሚፈልግ አልተገኘም። እኔ ግን ለሦስት ሳምንት አግዳሚው ላይ ስቀመጥ፣ ያ ልጅ ሲመታ ድምፁ በእንጨቱ በኩል ወደ ጀርባዬ ሲመጣ ይሰማኝ ነበር። ልሞክረው አልኩ።

የሚያሠለጥኑን ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ቤዝ ተጫውተዋል። ቀጭን ናቸው፤ ንግግር አያበዙም። ጊታሩን ሳነሣ ከእኔ ይረዝም የነበረ ይመስለኛል። ኃላፊው፣ "ጋሽ ወርቁ፣ ይቺ ልጅ እጇ ትንሽ ነው፤ አይደርስላትም" አላቸው።

ጋሽ ወርቁ እጄን ያዙና መዳፌን አገላብጠው አዩ። "እጅ ሲጠፋ ነው የማይደርሰው" አሉት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ነገ ጠዋት ቤት ነዪ፤ ጥፍርሽን ቆርጠሽ" አሉኝ።

በማግሥቱ ስሄድ ቤታቸው አምፕሊፋየር የለም። ትልቅ የዝግባ ቁምሳጥን አለ። የጊታሩን ራስ ቁምሳጥኑ በር ላይ አስደግፈው አንዱን ክር ሲመቱት ቁምሳጥኑ በሙሉ አጉረመረመ። "መብራት ኖረም አልኖረም፣ ልምምድ አይቀርም" አሉኝ። ስድስት ወር የተማርኩት በዚያ ቁምሳጥን ላይ ነው። ጋሽ ወርቁ መጀመሪያ በአፌ ያላልኩትን ድምፅ በጣቴ እንድመታ አይፈቅዱልኝም። ከሰልፍ ያስወጣኝ ወፍራም ድምፅ እዚያ ቤት ውስጥ ሥራ አገኘ። ትዝታንም፣ ባቲንም፣ አምባሰልንም፣ አንቺሆዬንም መጀመሪያ አጉረመረምኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው ክር ላይ የፈለግኳቸው።

ስጫወት ድንገት መጥተው የጊታሩን አንገት ወደ ውጭ ይስቡታል። እጄ አብሮ ከተሳበ፣ "ታንቂዋለሽ" ይላሉ። አውራ ጣቴ ከአንገቱ ጀርባ በቀስታ እንዲያርፍ፣ ጣቶቼም ክሩን ለመያዝ ከሚበቃው በላይ እንዳይጫኑ ነው። እጀ ትንሽ ሰው በጉልበት ከገባበት በዓመቱ ይሰበራል ይሉ ነበር። በቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች እንደ እግር ተራ በተራ እንዲራመዱ አስተማሩኝ። ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ ድምፅ ማጥፋት ነው። ቤዝ ከመቱት በኋላ ካልያዙት ይንጫጫል፤ አንዱ ድምፅ በሌላው ላይ ይፈስሳል። "ማውጣቱ ግማሽ ሥራ ነው፤ ማጥፋቱ ሌላው ግማሽ። ሰው የሚጨፍረው ድምፁ በቆመበት ቦታ ነው" ይሉኝ ነበር። ለአንድ ወር ያህል የተማርኩት ዝም ማሰኘትን ብቻ ነው።

አዲስ ክር አይገኝም ነበር። ጋሽ ወርቁ ያረጀውን ክር ፈትተው፣ ጠቅልለው፣ ቁንጥር የልብስ ሳሙና በገባበት ውሃ ሩብ ሰዓት ይቀቅሉታል። በሽቦው ጥምዝ ውስጥ የተጠራቀመው ላብና እድፍ ሲወጣ የደነዘዘው ክር ድምፁ ይከፈታል። እኔም ቤቴ ልሞክር ብዬ በእናቴ ድስት ስቀቅል ደረሰችብኝ። ክዳኑን አንሥታ ወደ ውስጥ አየች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ክር ነው።"

"በምን ይበላል?" አለችና ክዳኑን መለሰችው። በማግሥቱ አንድ አሮጌ ድስት ገዝታ ሰጠችኝ።

ደርግ ሲወድቅ የኪነት ቡድኖች ተበተኑ። አንድ ዓመት ከእናቴ ጋር በርበሬ ሸጥኩ። ከዚያ ጋሽ ወርቁ ፒያሳ አካባቢ ለምሳ ሰዓት ባንድ ላቋቋመ ሆቴል ጠቆሙኝ። የባንዱ መሪ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ተቀበለኝ፤ ግን አጭር ቀሚስ ለብሼ ከፊት እንድቆም ፈለገ። ከድራሙ ራቅ ካልኩ የድራመሩን እግር ማየት አልችልም፤ የእሱ እግርና የእኔ ጣት እኩል ካላረፉ ደግሞ ባንዱ አይቆምም። ይህን ነገርኩት። አንድ ሳምንት አኮረፈኝ፤ በመጨረሻ ከድራሙ ጎን ቆምኩ። በኋላ ከየትኛውም ባንድ ጋር ስሠራ ቦታዬ እዚያው ሆነ።

የመጀመሪያውን የራሴን ቤዝ የገዛሁት ከዚያ ሥራ ባገኘሁት ገንዘብ ነው። ጋሽ ወርቁ አብረውኝ ሄዱ። ሻጩ ሦስት ጊታር አውጥቶ ደረደረ። ጋሽ ወርቁ አምፕሊፋየሩን አስጠፉት። "መጀመሪያ በማንገቻ አንግቺና ቁሚ" አሉኝ። እጄን ስለቀው የአንደኛው አንገት ወደ ታች ዘመመ። "ይሄን ዕድሜሽን ሙሉ በግራ እጅሽ ተሸክመሽው ልትኖሪ ነው፤ ተዪው።" የሁለተኛውን አንገት አናጢ ጣውላ እንደሚያየው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩት፤ ጠሟል። ሦስተኛው ቀለሙ የተላጠ፣ ቡናማ፣ ከሁሉም የሚቀል ነበር። አንገቱ ላይ በተደረደሩት የብረት ዘንጎች፣ በየፍሬቱ፣ አስመቱኝ፤ የሚንጣጣ የለም። ከዚያ በኋላ ብቻ አምፕሊፋየሩን አስከፈቱ። "ቀለሙን መጨረሻ ላይ እዪ" አሉኝ። አየሁት፤ አስቀያሚ ነበር። ገዛሁት።

ከዚያ ባለ ኪቦርድ ሁሉንም ነገር ብቻውን የሚሠራበት ዘመን መጣ። ድራሙም፣ ቤዙም፣ ማሲንቆውም ከአንድ ሳጥን ይወጣል። ቤዝ ተጫዋቾች አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሥራ ገቡ፤ አንዱ ታክሲ ያዘ፣ አንዱ ጎሚስታ ከፈተ። እኔ ግን አልተው አልኩ። የኪቦርዱ ቤዝ ከእኔ ወርዶ ስለሚሰማ ከእሱ እኩል ለመውረድ አምስት ክር ያለው አዲስ ቤዝ ከዱባይ አስመጣሁ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ውስጡ ባትሪ የሚገባበት ነው። ባትሪው ድምፁን ያጎላዋል፤ የአምፕሊፋየሩ ገመድ እስከተሰካበት ድረስ ግን ጊታሩ ባይነካም ባትሪው ያልቃል። ይህን ሻጩ ነግሮኛል። አላውቅም ነበር ልል አልችልም።

በዚያ ጊዜ ትርንጎ የምትባል ድምፃዊት ነበረች። ጉሮሮዋን ታማ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት በኋላ ሁለት ዓመት አልዘፈነችም። ስትድን ድምፅዋ ወርዶ ነበር፤ ሻካራ ሆኗል፣ ግን ከበፊቱ ይልቅ ልብ ይይዛል። ወደ መድረክ የምትመለስበት ዝግጅት ሲሰናዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው ቤቷ ጠራችኝ።

"ኪቦርዱ ብዙ ነገር ነው የሚያሰማኝ፤ ይጠፋብኛል" አለችኝ። "አንቺን ነው የምይዘው። የቤቱን መሠረት ብቻ አስይዥኝ፤ ሌላውን እኔ እወጣዋለሁ።"

ሦስት ሳምንት ሁለታችን ብቻ ተለማመድን። ዓይኗን ጨፍና፣ አንድ እጇን አምፕሊፋየሬ ላይ አድርጋ ነበር የምትዘፍነው። አንዳንድ ቀን ድምፅዋ ሲሰነጠቅ ታቆምና ጉሮሮዋን በመሐረብ ትሸፍናለች። "ቀጥዪ" እላታለሁ፤ ትቀጥላለች።

ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አርብ ዕለት አዳራሹ ውስጥ የመጨረሻውን ልምምድ አደረግን። እኔ አዲሱን ቤዝ መቆሚያው ላይ አስቀምጬ፣ ገመዱን እንደተሰካ ትቼ ወጣሁ። አሮጌውን ቡናማ ቤት ትቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር አፍሬበት ነው።

አዳራሹ ሞላ። ሁለት ዘፈን በሰላም አለፈ። ሦስተኛው በአንቺሆዬ ቅኝት ነበር፤ አንቺሆዬ ደግሞ ትንሽ ከሳቱት የማይመለሱበት ቅኝት ነው። ገና መሐል ሳንደርስ የቤዜ ድምፅ ባትሪው እንደደከመ ሬዲዮ መሰነጣጠቅ ጀመረ፤ ከዚያ ጠፋ። ጣቶቼ ይመታሉ፣ የሚወጣ ነገር የለም። የድምፅ መሣሪያውን የያዘው ሰይድ ሮጦ መጥቶ ሌላ ኬብል ሰጠኝ። ለወጥኩ፤ ያው ነው። ትርንጎ ዞር ብላ አየችኝ። ያን ፊት አልረሳውም፤ ጨለማ ውስጥ መደገፊያው የከዳት ሰው ፊት ነው። ድምፅዋ ከቅኝቱ ወጣ። ልትመልሰው ሞከረች፣ ባሰ። ማይኩን መሬት ላይ በቀስታ አስቀምጣ ከመድረኩ ወረደች።

አዘጋጁ ከመጋረጃው ጀርባ ጠበቀኝ። "ምን ሆነሽ ነው?" አለ።

"ኬብሉ ነው" አልኩት።

ያቺን ቃል ስናገር ባትሪው መሆኑን አውቄ ነበር። ቤት ገብቼ አዲስ ባትሪ ስከትበት ወዲያው ጮኸ። አዘጋጁ ሰይድን ከዚያ በኋላ አልጠራውም፤ ወሬው ተዛምቶ ሌሎችም ተዉት። ትርንጎ በሯን ዘጋች። እኔ ሁለት ወር ዝም አልኩ። ሠርግ ላይ ስጫወት ጣቴ አይሳሳትም ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ወርቁን ልጠይቃቸው ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ግን ክር እየጠረጉ ነበር። ስለዚያ እሑድ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ለሌላው ሰው እንደነገርኩት አድርጌ።

"ሰይድ ሌላ ኬብል ሰጠሽ?"

"ሰጠኝ።"

"ድምፅ መጣ?"

"አልመጣም።"

ጨርቁን አጠፉ፣ እንደገና ዘረጉ፣ ሌላውን ክር ጠረጉ። እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። "ለእኔ አታልቅሺ" አሉኝ፤ "እኔ ሥራ አልጎደለብኝም። ሰይድ ዘንድ ሂጂ። ከዚያ ወደ ልጅቷ።"

ሰይድ አዲሱ ገበያ ውስጥ ከአባቱ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አጠገብ ሬዲዮና አምፕሊፋየር የሚጠግንባት ጠባብ ክፍል ነበረችው። ስገባ አንድ ቴፕ ፈትቶ አቀርቅሯል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ቀና ሳይል ሰማኝ።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"ሁለተኛው ኬብል እንቢ ሲል አወቅኩ። ባትሪ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

አሁን ቀና አለ። "አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ" አለኝ።

ከዚህ የከበደ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። በዚያው ቀን ይዤው ወደ አዘጋጁ ሄድኩና እሱ እየሰማ እውነቱን ተናገርኩ። አዘጋጁ ብዙ ተቆጣኝ፤ ለሰይድ ግን እጁን ዘረጋለት። ሌሎቹ ዘንድም እየዞርኩ ተናገርኩ፤ ሁለቱ ከዚያ በኋላ አልጠሩኝም። ተገቢ ነበር።

የትርንጎ ቤት የባሰ ነበር። በር ላይ አቁማኝ ሰማችኝ። ስጨርስ እንደምትጮህብኝ ጠብቄ ነበር። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

"እኔ ድምፄ የከዳኝ መስሎኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ሁለት ወር ሬዲዮ አልከፈትኩም። እግዚአብሔር በቃሽ አለኝ ብዬ ተቀብዬው ነበር። ባትሪ ነው የምትይኝ?"

የእኔ አንድ ቃል የሰይድን እንጀራ የነካች ብቻ መስሎኝ ነበር። እሷ በራሷ ጉሮሮ ላይ ስትፈርድ መክረሟን እዚያ ደጃፍ ላይ ነው ያወቅኩት። ይቅርታ አልኳት። "አሁን ሂጂ" አለችኝ። ሄድኩ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሰው ላከችብኝ። መልእክቱ፣ "አሮጌውን ቤዝ ይዛ ትምጣ" የሚል ነበር። ይዤ ሄድኩ። ይቅር አልኩሽም አላለችም፤ እጇን አምፕሊፋየሩ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነችና አንቺሆዬን አስጀመረችኝ። በመጀመሪያ በትንንሽ ዝግጅቶች፣ ከዚያም በትልልቁ መድረክ ሰባት ዓመት አብረን ሠራን። ድምፁን የሚይዘው ሰይድ ነበር፤ እሷ ናት የመረጠችው።

ሰይድ አምስት ክር ያለውን ቤዜን ፈትቶ ባትሪው ቢያልቅም ድምፁ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ማብሪያ ገጠመልኝ። እኔም ልማዴ ተለወጠ። ጊታር ሳስቀምጥ መጀመሪያ ገመዱን እነቅላለሁ። ከየመድረኩ በፊት ባትሪ እቀይራለሁ፤ ሁለተኛ ቤዝ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። አጨዋወቴም ተለወጠ። አዲሱን ቤዝ ከገዛሁ ጀምሮ ጣቴ ብዙ ይለፈልፍ ነበር። ከትርንጎ ጋር ስሠራ ግን አንድ ድምፅ መምረጥና እዚያው መቆየት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ገባኝ። ጋሽ ወርቁ አንዴ መጥተው ሰሙን። ሲወጡ፣ "ዛሬ ዝምታሽ ጥሩ ነበር" አሉኝ። በዚያው ክረምት አረፉ።

አሁን ዘመኑ ለቤዝ መልካም ነው። ወጣቶቹ ከሳጥን የሚወጣው ድምፅ ሰልችቷቸው ሙሉ ባንድ እያቋቋሙ ነው፤ ቤዝ ተጫዋች ፈልጊልን እያሉ ይደውሉልኛል። እኔም እጄ ባይችል አፌ ይችላል ብዬ ማስተማር ጀመርኩ። ከሁሉም በፊት የመጣችው ሕይወት ናት። ጳውሎስ አካባቢ ነርስ ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ፣ የሁለት ልጆች እናት። "ዕድሜዬ አልፏል መሰለኝ" አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

"ለምኑ?"

"እ... ማለቴ፣ ለመማር።"

"እጅሽን አሳዪኝ" አልኳት። የነርስ እጅ ነው፤ ቀስ ብሎ ይነካል፣ አይጨብጥም። ያ ለቤዝ ትልቅ ሀብት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያየችውን ከባድ ጊታር ልትገዛ ነበር፤ ሱቅ ወስጄ ግማሽ ሰዓት አንግታው እንድትቆም አደረግኳት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ትከሻዋን ማሻሸት ጀመረች። አንገቱ አጠር ያለ፣ ቀለል ያለ ይዘን ወጣን። ዓመት ተኩል ከተማረች በኋላ የሥራ ባልደረቦቿ ባቋቋሙት ባንድ ውስጥ ገባች።

ባለፈው ወር አዲሱ ገበያ አጠገብ በሚገኝ አዳራሽ የባልደረባዋ ሠርግ ነበር፤ እኔም ተጠራሁ። ምሳ በልተን እንዳበቃን ባንዱ ጀመረ። ከማላውቃቸው እንግዶች ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ የሕይወትን ስህተት እጠብቅ ነበር። አንድ ሁለት ጊዜ ቸኮለች፤ ከዚያ የድራመሩን እግር አገኘችው። የችክችካው ምት ሲገባ ሰው ከየወንበሩ ተነሣ።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ዘንበል ብላ፣ "ዘፋኙ እንዴት ጥሩ ነው" አለችኝ።

"አዎ፣ ጥሩ ነው" አልኳት። ስለ ቤዙ አላነሣችም፤ እግሯ ግን ከጠረጴዛው ሥር ከሕይወት ጣት ጋር እየረገጠ ነበር።

ቆየት ብላ ተነሣችና እጇን ዘረጋችልኝ። "ይነሡ እንጂ እናቴ፣ አንድ ላይ እንጨፍር።"

ላመነታ ነበር። ስንት መቶ ሠርግ ላይ እንደቆምኩ ቁጥሩን አላውቀውም፤ በአንዱም ጨፍሬ አላውቅም፤ እጄ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነበር። አሁን ሁለቱም እጆቼ ባዶ ናቸው። የሴትየዋን እጅ ያዝኩና ተነሣሁ። ትከሻዬ መጀመሪያ እንቢ አለ፣ ከዚያ ተለቀቀ። ሕይወት ከመድረኩ ላይ አየችኝና ልትስቅ ስትል ጣቷ ሊያመልጣት ደረሰ።

"ወደ እኔ አትዪ፤ ሥራሽን ሥሪ" አልኳት በእጄ ምልክት፤ ጭፈራዬንም ቀጠልኩ።